አምፑም ስፒከሩም ዳኩም ተቀየረ፣ ድምፁ ግን ከድሮው ባሰ፤ ከየት ልጀምር? (ደብረ ብርሃን)

ጠባሴ_ማዶ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ትንሽ ረዘም ይላል፣ በጣም ስለቸገረኝ ነውና ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

እስካሁን የምሰማው በአንድ የድሮ የጃፓን አምፕ (አምፕሊፋየር) ነበር፣ በቻናል 40 ዋት የሚል፣ መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጡ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ጋር። ስፒከሮቹ ጀርባቸው ላይ በአንድ ዋት 90 ዲሲቤል፣ ከ60 ኸርዝ ጀምሮ ይላል። ውጭ ያለው ወንድሜ ቀስ በቀስ ሲልክልኝ እኔም ስቆጥብ ከርሜ አሁን ሁሉም ባንዴ ተቀየረ፤ መሬት ላይ የሚቆም ቁመታም ስፒከር፣ 85 ዲሲቤል፣ ከ36 ኸርዝ ጀምሮ፣ 4 ኦም፤ በቻናል 100 ዋት የሚሰጥ አምፕ፤ እና ለብቻው ዳክ፣ የላፕቶፑን ዲጂታል ድምፅ ወደ አናሎግ ቀይሮ ለአምፑ የሚሰጠው። የማጫውተው ከሲዲ እንዳለ ላፕቶፕ ላይ የገለበጥኩትን ነው፣ ከቴሌግራም የወረደ ኤምፒስሪ አይደለም፣ ስለዚህ ምንጩ ላይ ብዙ አልጠረጥርም።

ድምፁ ተሻሻለ ማለት ቀርቶ የድሮውን አስናፈቀኝ። ቤዙ በዝቷል ግን ደስ የሚል ቤዝ አይደለም፣ አንድ ኖታ ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ይጮሃል ቀጥሎ ያለው ደግሞ የሌለ ያህል ነው። ዘፋኙ ሩቅ ሄዶ ቆሟል። ማሲንቆው ቀጥኗል። በዚያ ላይ ጉልበት የለውም፣ 100 ዋት የተባለው አምፕ በ40 ዋቱ የማገኘውን ድምፅ እንኳን አይሰጠኝም፣ ይሄ ነው ጭራሽ ያልገባኝ።

በደንብ የሚታወቀው በገና ላይ ነው። ጾም ስለሆነ እናቴ ማታ ማታ በገና ሳትሰማ አትተኛም፣ እና አንዱ አውታር ሲመታ የላሜራው መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው ሲመታ እንዝራው (አውታሩን የሚያነዝረው ቁራጭ ቆዳ) ብቻ ይሰማና ከሥሩ ያለው ወፍራሙ ድምፅ የለም። «የድሮው ምን አጥፍቶ ነው የተነሳው?» አለችኝ፣ ምን እንደምላት አጣሁ።

ክፍሉ 4 ሜትር በ4 ሜትር ነው፣ የብሎኬት ግድግዳ ተለስኖ የተቀባ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ፣ ከፍታው 2.8 ሜትር። ስፒከሮቹ ከኋላቸው ካለው ግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር ወጥተዋል፣ ከጎናቸው ካለውም እንደዚያው። ሶፋው ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ ተጠግቷል። የስፒከሩ ገመድ ለቤት መብራት የሚዘረጋው የ2.5 ሽቦ ነው፣ በየጎኑ 4 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሪሌ የሆነ ስታብላይዘር አለኝ።

አንዱ ኬብል ነው ይላል፣ አንዱ አምፑ አነሰው ይላል፣ ሌላው ዳኩን መልስ ይላል። ሌላ ገንዘብ ሳላወጣ በምን ቅደም ተከተል ልፈትሽ?


ሮቢት_ኤሌክትሪክ

ወንድሜ ሁሉም ባንዴ ከተቀየረ ጥፋተኛውን በጆሮ መለየት አትችልም፣ መጀመሪያ አፈራርቀው። የድሮውን አምፕ ከአዲሱ ስፒከር ጋር፣ ከዚያ አዲሱን አምፕ ከድሮው ስፒከር ጋር አጫውት፣ አንድ ነገር ብቻ እየቀየርክ። ድምፁን ግን እኩል አድርገህ ነው፣ ትንሽ ጮህ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፣ አንድ ዲሲቤል እንኳን ጆሮን ያታልላል። እኩል ማድረጊያው ቀላል ነው፣ የ100 ኸርዝ ቶን (ወጥ የሙከራ ድምፅ) አጫውተህ መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አድርግና የስፒከሩ እግር ላይ ለካ፣ ሁለቱም አምፕ ለምሳሌ 2 ቮልት ሲያሳይ እኩል ናቸው ማለት ነው።

ሁለተኛ ፖላሪቲ፣ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አገጣጠሙ። ሽቦውን ከአምፑ ነቅለህ የ1.5 ቮልት ባትሪ ጫፉ ላይ ለአፍታ ነካ አድርግና ልቀቅ፣ ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ጋር ከሆነ ዎፈሩ (ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ክብ) ወደ ውጭ ይወጣል። ሁለቱም ባንድ አቅጣጫ መውጣት አለባቸው። አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል ዘፋኙም መሐል መቆሙን ትቶ ይበተናል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው ግን ሰው ሳያየው ብዙ ገንዘብ ያወጣል።

ሦስተኛ መብራቱ። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ በሚሰካበት ሰዓት፣ ሶኬቱ ላይ ለካ። 220 መሆን ሲገባው እኛ ጋ 180 የሚወርድበት ምሽት አለ። አምፕህ ተራ ትራንስፎርመር ያለው ከሆነ የገባው ሲወርድ የሚወጣውም አብሮ ይወርዳል፣ ጉልበቱ ደግሞ በቮልቱ ስኩዌር ስለሆነ 180 ላይ 100 ዋት የነበረው 67 ገደማ ይሆናል። በጆሮ ሲሰላ ግን ይሄ 1.7 ዲሲቤል ብቻ ነው፣ ከፍ ስታደርገው ቶሎ ይሰነጠቃል እንጂ አንተ የምትለውን የበገና ነገር አያመጣም። ስታብላይዘሩ ላይ ፍሪጅም ምጣድም አብሮ እንዳይሰካ።


ወርቅ_ጃክ

እኔ ያለ ጥርጥር ኬብሉ ነው የምለው። በዚህ ዋጋ ስፒከር ገዝቶ የመብራት ሽቦ መጠቀም ልክ አይደለም፣ እኔ ወፍራም ኦክስጅን የሌለበት መዳብ ከዱባይ አስመጥቼ ነው የለወጥኩት፣ ጃኩም በወርቅ የተለበጠ፣ ቤዙ ጠበቅ አለልኝ። የመብራት ገመዱንም መቀየር አለብህ።


ሮቢት_ኤሌክትሪክ

@ወርቅ_ጃክ ወንድሜ ባለው ይደሰት ማለቴ አይደለም ግን ቁጥሩን እንየው። የ2.5 መዳብ በሜትር 0.007 ኦም ገደማ ነው። 4 ሜትር ሄዶ 4 ሜትር ሲመለስ 8 ሜትር፣ ድምሩ 0.06 ኦም እንኳን አይሞላም። በ4 ኦም ስፒከር ላይ የሚያጠፋው ወደ 0.1 ዲሲቤል ነው፣ ይህን ማንም ጆሮ አይለየውም። አንድ ነገር ብቻ ይፈትሽ፣ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ያድርገው፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ያኔ ይቀየር። ቀይ ከሆነ እዚያው ይቀመጥ። ወርቁ ጃኩ እንዳይዝግ ይረዳል፣ ይሄ እውነት ነው፣ አንድን ኖታ አስጩሆ ሌላውን ግን አያጠፋም።


አንኮበር_መንገድ

ስለ ጉልበቱ አንድ የማይነሳ ነገር ልጨምር፣ ከፍታው። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር አካባቢ ናት፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አንጻር ሩብ ያህል ወይ ከዚያ በላይ የሳሳ ነው። ስፒከር የሚገፋው አየርን ስለሆነ ዎፈሩ ያው ተንቀሳቅሶ የሚወጣው ግፊት ያንሳል፣ ሲሰላ ከ2 እስከ 3 ዲሲቤል ይመጣል። ፋብሪካው 85 ያለው እናንተ ጋ 82ና 83 ነው እንደማለት። ወደ ሸዋ ሮቢት ከተማ ወርዶ ቢሰማው ያው ስፒከር ትንሽ ይጮሃል።

ይሄ የድሮውንም አዲሱንም እኩል ስለሚነካ ልዩነታቸውን አያስረዳም፣ ግን ካታሎግ ላይ ያለውን ቁጥር ይዞ የሚጠብቅ ሰው ይወቀው። ሌላው የአምፑ ሙቀት ነው፣ አገሩ ብርድ ስለሆነ ብላችሁ አትዘናጉ፣ የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያነሰ ነው፣ ከላዩ ላይ ጨርቅ አይልበስ ቁም ሳጥን ውስጥም አይዘጋበት። ከቻይና የሚመጡ አንዳንድ ዕቃዎች ጀርባ ላይ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ምልክት አለ፣ ከዚያ በላይ ላለ ቦታ አልተፈተሸም ማለት ነው፣ የመንዝና የጣርማበር ሰው ዕቃ ሲገዛ ይህቺን ቢያያት ጥሩ ነው።


መሐል_ሜዳ

የድምፅ ሥራ ላይ ስላለሁ በዝርዝር ልጻፍ፣ ጽሑፍህን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ምልክቶቹ በሙሉ ወደ ክፍሉ ነው የሚያመለክቱት።

መጀመሪያ ጉልበቱን እንጨርሰው ምክንያቱም እሱ ብልሽት አይደለም። ድሮ የነበረህ 90 ዲሲቤል በአንድ ዋት፣ አምፑ 40 ዋት። 40 ዋት ማለት 16 ዲሲቤል መጨመር ነው፣ ድምሩ 106። አዲሱ 85፣ አምፑ 100 ዋት፣ እሱ 20 ዲሲቤል ይጨምራል፣ ድምሩ 105። ገባህ? ሁለት ተኩል እጥፍ ጉልበት ያለው አምፕ ገዝተህ አንድ ዲሲቤል ወረድክ። ስፒከሩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ ሣጥኑን በጣም ሳያተልቁ ወደ ታች ጠልቆ እንዲወርድ ሲሠሩት ጩኸቱን ነው የሚከፍሉት፣ የማይቀር ንግድ ነው። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ዋት ይጠይቃል ዲሲቤሉን የሚያይ የለም፣ ይሄ ሁሌም ያናድደኛል።

አሁን ወደ በገናው። ድምፅ በሰከንድ 344 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መሐል ሲመላለስ ርዝመቱ ከሞገዱ ግማሽ ጋር ሲገጥም ያ ድምፅ እዚያው ይቆምና ይደራረባል። ለማስላት 172ን ለክፍሉ ርዝመት ማካፈል ነው። 172 ሲካፈል ለ4፣ 43 ኸርዝ። ከዚያ እጥፉ 86፣ ሦስት እጥፉ 129። ያንተ ክፍል ደግሞ ርዝመቱም ወርዱም 4 ስለሆነ ሁሉም ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ካሬ ክፍል ለድምፅ ከከፉት አንዱ ነው። ወደ ላይ ያለው 2.8 ሲሆን 61 ይመጣል።

በግድግዳ ዳር ላይ እነዚህ ሁሉ ከፍተኛ ናቸው። ሶፋህ ደግሞ ግድግዳ ላይ ነው የተጠጋው። ስለዚህ እናትህ የተቀመጡት ልክ ሁሉም ድምፅ የሚከመርበት ቦታ ላይ ነው።

የድሮዎቹ ታዲያ ለምን አላደረጉትም ካልክ፣ ከ60 ኸርዝ ጀምሮ የሚል ትንሽ ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 60 ላይ ሲደርስ አልቆለታል፣ 86 ላይም ከወዲሁ መድከም ጀምሯል፣ 43ን ጭራሽ አያውቀውም። አዲሱ እስከ 36 ድረስ ስለሚሄድ ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ የነበረውን ሁሉ ቀሰቀሰው። ያሻሻልከው ዕቃ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው፣ ክፍሉ ነው ያልተዘጋጀለት።

የጠፋው አውታር ሌላ ምክንያት አለው። ስፒከሩ ወደ ኋላም ስለሚያሰማ ከኋላ ግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ከፊተኛው ጋር ይገናኛል፣ ርቀቱ የሞገዱ ሩብ ሲሆን ይጠፋፋሉ። 60 ሳንቲ ሜትር ሩብ የሚሆነው ለ143 ኸርዝ ነው። አንተ ከኋላም 60 ከጎንም 60 አድርገህ አስቀምጠኸዋል፣ ዎፈሩ ከወለሉም ወደዚያው አካባቢ ከሆነ ሦስቱም ጉድጓድ (ድምፁ የሚጠፋበት ኸርዝ) አንድ ቦታ ላይ ተቆፈረ ማለት ነው። የወንድ ድምፅ ወፍራሙ ክፍል እዚያ አካባቢ ነው ያለው፣ ስለዚህ ዘፋኙ ቢቀጥንና ቢርቅ አይገርምም።

በገና ለዚህ ፍተሻ የሚሆን ነገር ነው፣ ከማንኛውም ዘፈን ይበልጣል። 10 አውታር ቢኖረውም ሁሉም አይመታም፣ የሚመቱትም በጣት አይታፈኑም፣ እያንዳንዱ የተቃኘበትን አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ያው ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመላለሳል። እንዝራው ደግሞ ላይ ላዩን ስለሚጨምር አውታሩ መመታቱን ሁልጊዜ ትሰማለህ፣ ወፍራሙ ድምፅ ከሌለ ክፍሉ በላው ማለት ነው። በገና ደርዳሪ አንዱን አውታር ሁልጊዜ ለይቶ አይጮኽበትም።

ስልክህ ላይ ስፔክትረም የሚያሳይ አፕ አውርድና የሚጮኸው አውታርና የሚጠፋው አውታር ስንት ኸርዝ ላይ እንደሆኑ እይ። የስልክ ማይክ ወደ ታች ስለሚደክም ምን ያህል ጮኸ ለሚለው አትመነው፣ የትኛው ኸርዝ ነው ለሚለው ግን ይበቃል። ውጤቱን አምጣልን።


ጠባሴ_ማዶ

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ፍተሻውን በሙሉ አደረግኩ።

ፖላሪቲው ሁለቱም ትክክል ነው፣ ዎፈሮቹ ባንድ ላይ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ሽቦው ተፍቆ ታየ ቀይ መዳብ ነው። ቮልቱ ምሽት ላይ ስታብላይዘሩ ሳይኖር 190 ይወርዳል፣ ከስታብላይዘሩ በኋላ 215 አካባቢ ይዞ ይቆያል። የድሮውን አምፕ ከአዲሱ ስፒከር ጋር ሳገናኘው ያው ጩኸት ያው ጉድጓድ፤ አዲሱን አምፕ ከድሮዎቹ ጋር ሳገናኘው ድምፁ ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ከድሮው አምፕ ጠራ ያለ ይመስለኛል። ዳኩን ነቅዬ በላፕቶፑ ጃክ ስሞክርም የቤዙ ነገር አልተለወጠም። ስለዚህ አምፑና ዳኩ ነጻ ናቸው።

በስልኩ ያየሁት ደግሞ፣ መስኮቱን የሚያንቀጠቅጠው አውታር 86 አካባቢ ነው፣ የሚጠፋው 140 አካባቢ። ቁጥሩ እንዲህ ከስሌቱ ጋር ሲገጥም በጣም ነው የገረመኝ።

አሁን የምጠይቀው፣ ግድግዳው ላይ ምንጣፍ ብሰቅል ይበቃል? ሳሎኑ 5 በ3.5 ነው ግን ለእንግዳ የተያዘ ስለሆነ ወደዚያ ማዛወር አልችልም።


መሐል_ሜዳ

ሳሎኑ ይሻል ነበር፣ 34ና 49 ተለያይተው ይመጡ ነበር፣ ግን ካልሆነ በዚሁ እንሥራው።

ምንጣፍ ብቻውን አይበቃም። ጨርቅና ሱፍ ድምፅን የሚይዘው አየሩ በፍጥነት በሚንቀሳቀስበት ቦታ ነው፣ እሱም ከግድግዳው የሞገዱ ሩብ ያህል ርቆ ነው። ለ86 ኸርዝ ሩቡ 1 ሜትር ነው፣ ለ43 ደግሞ 2 ሜትር። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስስ ምንጣፍ ላይኛውን ድምፅ ብቻ በልቶ ቤዙን እንዳለ ይተወዋል፣ ክፍሉ የታፈነም የሚጮኽም ይሆናል፣ ከሁለቱም የባሰ። ስለዚህ ለቤዙ መጀመሪያ ቦታ ማስተካከል፣ ብር አይጠይቅም።

ስፒከሮቹን ከጎን ግድግዳ 1 ሜትር አድርጋቸው፣ ከዎፈሩ መሐል ተለክቶ። ለምን 1 ሜትር ካልክ ከወርዱ ሩብ ስለሆነ የ86ቱ የወርድ ሞገድ እዚያ ላይ ዜሮ ነው፣ ስፒከሩ እዚያ ሲቆም ሊቀሰቅሰው አይችልም። 43ና 129ን ደግሞ ሁለቱ ስፒከሮች ግራና ቀኝ እኩል ሆነው ያው ቤዝ ሲያወጡ በወርድ በኩል እርስ በርስ ያጠፏቸዋል። ስለዚህ የወርዱ ጣጣ ባብዛኛው አለቀ፣ የርዝመቱ ብቻ ቀረ። ከኋላ ግድግዳ 75 ሳንቲ ሜትር አድርግ፣ ያኔ ጉድጓዶቹ የጎኑ 86 የኋላው 115 የወለሉ 143 ላይ ይበተናሉ፣ ሦስቱ አንድ ላይ አይወድቁም።

ሶፋውን ከግድግዳው ነቅለህ ጆሮህ ከኋላ ግድግዳ 1.5 ሜትር እንዲሆን አምጣው። ልክ መሐል 2 ሜትር ላይ አትቀመጥ፣ እዚያ 43 ጨርሶ ይጠፋል 86 ደግሞ ከፍተኛ ነው። 1.5 ላይ ሁለቱም መካከለኛ ናቸው። እንዲህ ሲሆን በሁለቱ ስፒከር መሐል 2 ሜትር፣ ከአንተ እስከ እያንዳንዳቸውም 2 ሜትር ይሆናል፣ ሦስት እኩል ጎን። ለካሬ ክፍል ይህን ያህል መግጠሙ ደስ ይላል።

ከዚያ በኋላ ነው ሱፉ። መሐል ቆመህ አጨብጭብ፣ ጭርርር የሚል ነገር ተከትሎ ከመጣ ሁለቱ የተለሰኑ ግድግዳዎች ናቸው። አንድ ሰው መስታወት ይዞ በጎን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድ፣ አንተ ከቦታህ ሆነህ ስፒከሩን መስታወቱ ውስጥ ያየህበት ቦታ ላይ ምልክት አድርግ፣ እዚያ ነው የሚሰቀለው። የመንዝ ባና ካለህ ከእሱ የተሻለ ነገር ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግህም፣ የበግ ሱፍ ድምፅ በመያዝ የታወቀ ነው፣ ባናው ወፍራም ነው ከባድም ነው። እጥፍ አድርገህ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር በእንጨት አርቀህ ስቀለው፣ ክፍተቱ ራሱ ወደ ታች እንዲሠራ ያግዘዋል። ሴራሚኩ ላይ ከፊትህ አንድ ወፍራም ምንጣፍ። ከኋላህ ባሉት ሁለት ጥጎች ከወለል እስከ ኮርኒስ ያልተፈተለ ሱፍ በጆንያ ሞልተህ ብትደራርብ ጥሩ ነው፣ 86ቱን በጥቂቱም ቢሆን ይቀንሰዋል፣ ግን ሱፉ በደንብ ታጥቦ ይድረቅ አለበለዚያ ብል ይገባበታል።

መጨረሻ ላይ የተረፈ ጉብታ (ከልክ በላይ የሚጮኽ ኸርዝ) ካለ ላፕቶፕህ ዊንዶውስ ከሆነ ኢኳላይዘር ኤፒኦ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፣ ጉብታውን ብቻ ቀንስበት። ጉድጓዱን ለመሙላት አትሞክር፣ 6 ዲሲቤል ስትጨምር ከአምፑ አራት እጥፍ ጉልበት ነው የምትጠይቀው፣ ጉድጓዱ ደግሞ የሰጠኸውን ያህል መልሶ ያጠፋዋል፣ አምፑ ይሰነጠቃል እንጂ አይሞላም።


ወርቅ_ጃክ

መሐል_ሜዳ ይሄን ስላስረዳሽ እናመሰግናለን። የኔ ክፍል 3.6 በ3.6 ነው፣ በስሌትሽ 48 አካባቢ መጣልኝ፣ ሶፋውም ግድግዳ ላይ ነው። ከጎን 90 ሳንቲ ሜትር ማድረግ ነው ማለት ነው?


መሐል_ሜዳ

አዎ ሩቡ 90 ነው። ከኋላው 70 ሞክር፣ ጆሮህ ከኋላ ግድግዳ 1.35 ገደማ። እነዚህ መነሻ ናቸው፣ ከዚያ በአምስት በአምስት ሳንቲ ሜትር እየገፋህ በጆሮህ ጨርሰው። ኬብልህ ይቀመጥ።


ጠባሴ_ማዶ

አዛወርኩት። ከምር ነው የምላችሁ ገና ሱፍ ሳይሰቀል፣ ሶፋው ከግድግዳው ሲነቀል ብቻ ሌላ ስፒከር የገዛሁ መሰለኝ። 86ቱ አሁንም ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ይላል ግን አውታር ነው የሚመስለው፣ ቤት አይጮኽም። 140 ላይ የነበረው ተመልሷል። ዘፋኙ መሐል መጥቶ ቆመ፣ ማሲንቆው ላይ ጭራው አውታሩን ሲፈትግ ይሰማል፣ በድሮዎቹ ይህን ሰምቼው አላውቅም። ኤፒኦው ላይ 86ን በ4 ዲሲቤል ቀነስኩት፣ ሌላ ምንም አልነካሁም። ባና ከመንዝ ለሚመጣ ዘመድ ነግሬያለሁ።

ክፍሉ መሐል ሶፋ መቆሙ ለቤት ሰው ትንሽ ያስቸግራል፣ ስለዚህ ሶፋውን አውጥተን ቀለል ያለ ወንበር አስገባን፣ ሲሰማ ወደፊት ይመጣል ሲያልቅ ይመለሳል። ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አደረግኩበት።

የቀረኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ የላሜራው መስኮት አልፎ አልፎ አሁንም ይንጫጫል። ሌላው ስታብላይዘሩ ቀጭ ሲል በስፒከሩ ውስጥ ይሰማኛል፣ አምፑን ይጎዳዋል?


ሮቢት_ኤሌክትሪክ

ቀጭ የሚለው ሪሌው ደረጃ ሲቀይር ነው፣ አምፑን አይጎዳውም፣ ግን ማታ ማታ በየደቂቃው የሚል ከሆነ ቮልቱ በሁለት ደረጃ መሐል እየተንገዋለለ ነው፣ ያኔ ሰርቮ ያለው ስታብላይዘር ይሻልሃል፣ እሱ ሳይዘል ነው የሚያስተካክለው። ከአምፑ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቀው፣ የሲግናሉ ገመድም ከመብራት ገመዱ ጋር አብሮ አይታሰር። ሶኬትህ ኧርዝ እንዳለውም እግረ መንገድህን አስፈትሽ፣ ብዙ ቤት ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ተገጥሞ ሦስተኛው ሽቦ የትም አልደረሰም።

ለመስኮቱ፣ 80 አካባቢ ቶን ከፍተህ በእጅህ ላሜራውን ቦታ ቦታውን ተጫነው፣ ስትጫነው ዝም ያለበት ቦታ እሱ ነው። መስታወቱ ከሆነ ስቱኮው ረግፏል ደግመህ ምረገው፣ መዝጊያው ከሆነ ክፈፉ ላይ ከመኪና ውስጠኛ ጎማ ቀጭን አድርገህ ቆርጠህ ለጥፍበት፣ ሲዘጋ ጠበቅ ብሎ ይቀመጣል።


ጠባሴ_ማዶ

መዝጊያው ነው፣ ስጫነው ዝም አለ። ጎማውን ነገ እቆርጣለሁ።